መሣሪያ ያለው አማች

ስም የሌለው ሥራ ከያዘ ሰው ስም ያለው ሥራ ፈት ይሻላል! አዎ፣ ደግሜ እለዋለሁ… ይሻላል! ሥራ ፈት ቢያንስ “ሥራህ ምንድን ነው?” ሲባል “ሥራ ፈት ነኝ” ብሎ በአጭሩ ይገላገላል። ሰሚውም ይገባዋል፤ ያዝንለታል፤ ሻይ ይጋብዘዋል። እኔ ግን ደመወዝ እየበላሁ፣ ግብር እየከፈልሁ፣ ጀርባዬ እስኪጎብጥ እየሠራሁ፣ ምን እንደምሠራ እናቴ እንኳ አታውቅም። ጎረቤት ሲጠይቃት “ኮምፒዩተር ላይ ተቀምጦ ይውላል” ትላለች። አንዱማ “ምነው፣ ወንበር የላቸውም?” ሲላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

መቼም እናንተም መጠየቃችሁ አይቀርም። እሺ፣ ልንገራችሁ። ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ ፎቅ ላይ፣ በጣና ላይ የሚመላለሱ ጀልባዎች የት እንደደረሱ የሚያሳይ ፕሮግራም እንሠራለን። ጀልባው ከባሕር ዳር ይነሣል፣ ጎርጎራ በሰላም ይደርሳል። ፕሮግራሙ ግን መሐል ላይ ይሰምጣል። ለምን እንደሰመጠ መፈለግ የእኔ ሥራ ነው። ፕሮግራም ማለት ከብዙ ቁራጭ የተሰፋ ነገር ነው። ኮምፒዩተሩ እንዲገባው ወደ ማሽን ቋንቋ ሲተረጎም፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ገመናውን የሚናገር አንድ ፋይል ለብቻው ያስቀምጣል… “ይኼ የተጻፈው እዚህኛው መስመር ላይ ነው፣ ያ ደግሞ እዚያኛው ላይ” የሚል። ፕሮግራሙ የሞተ ዕለት ያ ሁሉ ገመና በአንድ ላይ ካልተገኘ ገዳዩ አይታወቅም። ለዚህ ሲባል የተሠራ አንድ መሣሪያ አለ። ስሙ ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ አናባቢ የለውም፤ ሲጠሩት ያስነጥሳል። ጥቁር መስኮት ከፍታችሁ ትእዛዝ ትጽፉለታላችሁ፤ እሱ ደግሞ የተበተነውን የስህተት መረጃ ሰብስቦ በአንድ ፋይል ያዋሕድላችኋል። በቃ! ገባችሁ? ካልገባችሁም ግድ የለም፣ እናንተን ልጅ አልጠየቅኋችሁም።

ልጅ የጠየቅሁት መሪጌታ ጥበቡን ነው። ማስተዋል የምትባል ልጃቸው ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ኬሚስት ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ በፍቅር ቆይተን ልንጋባ ስንወስን “ያለ አባባ ምርቃት የሚሆን ነገር የለም” አለችኝ። አባባ ደግሞ ሐሙሲት ላይ ቅኔ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። የቅኔ መምህር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ አይደል? ቃል ሲሰማ ሰሙን ትቶ ወርቁን የሚፈልግ ሰው ነው። “እንደምን አደሩ” ብትሉት እንኳ “ምን ማለቱ ነው?” ብሎ ያድራል። ለእንዲህ ያለ ሰው ሽማግሌ አድርጌ የላክሁት አጎቴን ጋሼ ካሣሁንን ነው… ጡረታ የወጣ የጎንደር መስመር አውቶቡስ ሹፌር! አብረውት የሄዱ ሌሎች ሽማግሌዎችም ነበሩ፤ ነገር ግን ጋሼ ባለበት ሌላ ሰው ስለማይናገር እነሱን እንርሳቸው።

ጋሼ ሥራዬን በሚገባ እንዲያስረዳ ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጠናሁት። “በትእዛዝ የሚሠራ መሣሪያ አለው፤ በመሣሪያው የስህተት መረጃ እየሰበሰበ ያዋሕዳል።” ሚኒባሱ ውስጥ እስከ ሐሙሲት ድረስ ጮክ ብሎ ሲያነበንበው ሄደ። ረዳቱ ሳይቀር በቃሉ ይዞት እንደነበር ነግሮኛል። እንግዲህ እመሪጌታ ቤት የሆነውን ራሱ ጋሼ እንዳወራልኝ ላቅርብላችሁ።

“ልጁ ሥራው ምንድር ነው?” አሉ መሪጌታ።

“መሣሪያ አለው” አለ ጋሼ ደረቱን ነፍቶ።

መሪጌታ የያዙትን ብርሌ አስቀመጡ። “ምን ያለ መሣሪያ?”

“በትእዛዝ የሚሠራ።”

“የማን ትእዛዝ?”

“ኧረ እሱን አልነገረኝም። ብቻ ጥቁር መስኮት ውስጥ ነው አሉ የሚጻፍ።”

“ምን ያደርግበታል ታዲያ?”

“መረጃ ይሰበስብበታል።”

“የምን መረጃ?”

“የስህተት ነዋ! ማን የት ላይ እንደተሳሳተ፣ በየትኛው መስመር ላይ እንዳለ… አንድ በአንድ ያውቃል። ገመና የሚያመልጠው የለም!”

ፍረዱኝ እስቲ! ውሸት አለበት? አንዲት ቃል የተሳሳተች የለችም። ሁሉም ከእኔው አፍ የወጣ ነው። ጋሼ ካሣሁን የዚያን ዕለት ሲመለስ ደስታው ሌላ ነበር። “እንዴት እንደተከበርሁ ብታይ! ከዚያ በኋላ ትንፍሽ ያለ የለም። ሰውየው ራሳቸው እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኙኝ፤ ‘እኛ ሰላማዊ ሰዎች ነን’ እያሉ” አለኝ። እኔም የዋሁ ነገሩ የሰመረ መስሎኝ የሙሽራ ልብስ ዋጋ መጠየቅ ጀመርሁ።

በማግስቱ ማስተዋል ደወለች።

“አባባን ምን ብላችሁ ነው ያስፈራራችሁት?”

“እኛ? ምን አልናቸው?”

“ጎረቤታችን መጥቶ ‘ማዳበሪያ ተወደደ’ ቢል፣ አባባ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ‘እኛ ምንም አልተወደደብንም!’ ብሎ ጮኸ አሉ። አሁን ደውዬለት ‘ዝናቡ እንዴት ነው?’ ብለው ‘ስለ ዝናብ የማውቀው ነገር የለኝም’ አለና ዘጋብኝ። አንተ… እውነቱን ንገረኝ፣ የመረጃ ሰው ነህ እንዴ?”

“ነኝ… አይደለሁም! ማለቴ፣ መረጃ ነው የምሠራው፤ ግን የመረጃ ሰው አይደለሁም።”

“የመረጃ ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው የሚለው” አለች።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? ለካ ጋሼ አንዲት ፋይል አዋሓጅ መሣሪያን ይዞ ገብቶ፣ ታጣቂ ሰላይ አድርጎኝ ወጥቷል። ቅዳሜ ከመሪጌታ መልእክት መጣ። ልጁ ራሱ ይምጣ፤ መሣሪያውንም ይዞ ይምጣ፤ ዓይቼ ካላመንሁበት ልጄን አልሰጥም፤ ቁርጡን ይወቅ የሚል ነበር። አማች የሚሆን ሰው በሽምግልና ላይ መገኘቱ በኛ አገር ነውር ነው። ምን ላድርግ? በመጣብኝ ነገር ላይ ይሉኝታ ትርፍ ስለሆነ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ላፕቶፔን አንግቼ ከጋሼ ጋር ሐሙሲት ወረድሁ። ይህቺን ልጅ ባጣ ምን እንደምሆን አላውቀውም፤ በውነት ነው የምላችሁ።

መሪጌታ ነጠላቸውን አጣፍተው እደጃፉ ቆመው ጠበቁን።

“መሣሪያህን እደጃፍ ተውና ግባ” አሉኝ። “እዚህ ቤት በመሣሪያ አይገባም።”

“የኔታ፣ መሣሪያው ይኼ ነው” ብዬ ቦርሳውን አሳየኋቸው።

“ክፈተው። ወደዚያ አዙረህ ክፈተው።”

ከፈትሁት። ላፕቶፑን አዩት። ቻርጀሩንም አዩት።

“ጥይቱስ?”

“የለውም፣ የኔታ። በመብራት ነው የሚሠራ።”

“በመብራት ከሆነማ ማንንም አይጎዳ” አሉና አስገቡኝ። የሐሙሲትን መብራት ያውቁታል።

ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጥቁሩን መስኮት ከፈትሁ። የምጽፍበትን አሳየኋቸው። ትእዛዙን የምሰጠው እኔ፣ ተቀባዩ ማሽኑ እንደሆነ፣ ስህተቱም የሰው ሳይሆን የፕሮግራም እንደሆነ ዘርዝሬ አስረዳኋቸው። ቀስ በቀስ ግንባራቸው ሲፈታ አየሁና ልቤ መለስ አለ። ይኼኔ ዝም ብል ምናለበት!

“እና የኔታ፣ እነዚህ ሁሉ ቁርጥራጭ ፋይሎች ናቸው። መሣሪያው ያዋሕዳቸዋል።”

“ምን አልኸ?”

“ያዋሕዳቸዋል።”

ለእኔና ለእናንተ ማዋሐድ ቃል ነው፣ ይባላል፣ ያልፋል። ለመሪጌታ ግን አበው ስንት ጉባኤ የተሟገቱበት፣ የሃይማኖታቸው ስም ነው እንጂ የፋይል ጨዋታ አይደለም።

“ሲዋሐዱ ይቀላቀላሉ?”

“አይቀላቀሉም።”

“ተለውጠውስ ሌላ ነገር ይሆናሉ?”

“ኧረ አይለወጡም! እያንዳንዱ እንደነበረ ነው።”

“እንግዲያ አንዱ አንዱን ሳይነካ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያድራሉ?”

“አዎ! በአንድ ፋይል ውስጥ ጎን ለጎን…”

“ኅድረት!” ብለው ጠረጴዛውን መቱት። ላፕቶፑ ዘለለ። “ይኸ አበው ያወገዙት ማደር ነው! ማደርን ተዋሕዶ የምትል ማን አስተማረኸ? እቤቴ ድረስ መጥተኸ!”

ጋሼ ካሣሁን ምን እንደተፈጠረ ባይገባውም ከወንበሩ ተነሥቶ “ይማሩት የኔታ፣ ልጅ ነው፣ ሁለተኛ አይለምደውም” አለ።

“አላዋሕድም የኔታ” አልሁ እኔም እጄን ከላፕቶፑ ላይ አንሥቼ። “ከዛሬ ጀምሮ… አሳድራለሁ።”

መሪጌታ ጢማቸውን እያሻሹ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው ፈካ አለ። “መጻሕፍት የት ያድራሉ? ከቆዳ በተሰፋ ማኅደር። በማኅደር ሲያድሩ አይቀላቀሉ፣ አይለወጡ፣ ሲፈለጉም ወዲያው ይገኛሉ። ለካ አንተ ማኅደር ሰፊ ነኸ! ይኸን ብትል በፊትስ ማን ይፈራኸ ነበር?”

ማኅደር ሰፊ! ስንት ዓመት ስም ያጣሁለት ሥራ በአንድ አፍታ ክርስትና ተነሣ። ደስታዬን አልደብቃችሁም፣ አንገታቸው ላይ ልጠመጠም ትንሽ ነው የቀረኝ። “በል እንግዲህ፣ ስፋውና ልየው” አሉኝ። እኔም የቢሮዬን ፋይሎች ደርድሬ፣ ትእዛዜን ጽፌ፣ ጣቴን ከፍ አድርጌ፣ እንደ ከበሮ መቺ… ቷ!

መሣሪያው ሥራውን ጀመረ። ከዚያ ቆመ። ቀይ ጽሑፍ አወጣ። ከሁሉም ቀን መርጦ፣ ከሁሉም ሰው ፊት መርጦ!

“ምን አለ?” አሉ መሪጌታ።

“እምቢ… አለ።”

“ለምን?”

“እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ መለያ አለው፤ አሁን ሁለቱ አንድ ዓይነት መለያ ይዘው መጡበት። ሁለት የተለያዩ ናቸው ብዬ ያቀረብሁለትን መርምሮ አንድ ሆኖ አገኘው። እንዲህ ያለውን አብሮ አያሳድርም።”

ይሥቁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ መሪጌታ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። “ዘር ይቆጥራል በሉኛ! ይኸ ማሽን ሰባት ቤት ይቆጥራል! የዘንድሮ ሰው እንኳ ሳይቆጥር ነው የሚጋባ። ለመሆኑ እኛስ…” አሉና ወደ ጋሼ ዞሩ። “እኛስ ቆጥረናል?”

አልቆጠርንም። ባለፈው እሑድ በመሣሪያው ወሬ ደንግጠው ዘር መቁጠሩን ሁሉም ረስቶታል። በኛ አገር ደግሞ እስከ ሰባት ትውልድ የሥጋ ዝምድና ካለ ጋብቻ የሚባል ነገር የለም፤ አበቃ።

“ቁጠር እስቲ” አሉኝ። እኔ አባቴ አለኸኝ፣ አያቴ ፈንታሁን፣ ቅድመ አያቴ አድማሱ ብዬ… ቆምሁ። ከዚያ ወዲያ መስመሩ ጠፋኝ። ጋሼ ካሣሁን ጉሮሮውን ጠራረገ። የገዛ ወንድሙ ልጅ በቅኔ መምህር ፊት ሲያንስ ማየት አላስቻለውም መሰለኝ።

“አድማሱማ” አለ ነጠላውን ወደ ትከሻው እየወረወረ፣ “የማን ልጅ ይመስላችኋል? የደራው ፊታውራሪ ወንድይፍራው ልጅ ነው!”

ወገቤ ቀና አለ። በሕይወቴ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው… ለካስ መኳንንት ነኝ! መሪጌታ ከተቀመጡበት ብድግ አሉ። “የዳገቱ ወንድይፍራው?” “የዳገቱ!” “ወንድሜ! እኔም የልጅ ልጅ ልጃቸው ነኝ!” ተቃቀፉ። ተሳሳሙ። “ለካ ዘመድ ነን!” “ደም ስቦን ነዋ!” ጋሼ እንባውን ጠረገ፤ እኔም ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምሁ። ደስታው እስኪበርድ ድረስ ማንም አላሰበውም። መጀመሪያ የቀዘቀዙት መሪጌታ ናቸው። እጃቸውን ከጋሼ ትከሻ ላይ ቀስ ብለው አነሡ።

“ዘመድ ከሆንማ…” አሉ፣ “ጋብቻው ቀረ።”

ከወዲያኛው ክፍል አንድ ሰሐን ወድቆ ሲሰበር ሰማሁ። ማስተዋል ለዚሁ ቀን ከባሕር ዳር ቀድማን መጥታ፣ እዚያ ሆና ትሰማ ነበር። እኔም እዚያው የተሰበርሁ መሰለኝ።

“የኔታ፣ ምናልባት ሞክሼ ይሆናሉ” አልሁ። “ወንድይፍራው የሚባል ሰው አንድ ብቻ አይደለም።”

“እውነትኸን ነው። ክርስትና ስማቸው ይለየዋል። ካሣሁን፣ የናንተው ፊታውራሪ ክርስትና ስማቸው ማን ነበር?”

ጋሼ በላብ ተጠመቀ። እንዳላወቀ ገብቶኛል። ማንም ይበል፣ ብቻ የተለየ ይበል ብዬ በልቤ ተሳልሁ። ጋሼ ጣሪያውን አየ፣ መሬቱን አየ፣ “ገብረ… ገብረ…” አለ፣ “ገብረ ሥላሴ!”

“ራሳቸው ናቸው!” አሉ መሪጌታ አዝነው።

ስንት ዓይነት የክርስትና ስም እያለ! ለሎተሪ ያልሆነ ዕድል! ጋሼን በጎኑ ጎሸም አድርጌ “ፊታውራሪውን ከየት አመጣኸው?” አልሁት በሹክሹክታ። ዓይኑን አፈጠጠብኝ። እኔም የማደርገው ቢጠፋኝ ወደ ላፕቶፔ ተመለስሁና ቀዩን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርሁ። መሣሪያው ልክ ነበር። አንዱን ፋይል ከሁለት ቦታ ገልብጬ ሁለት ጊዜ ያስገባሁት ራሴ ነኝ።

“የኔታ፣ ስህተቱ ተገኘ” አልሁ ጋሼን እያየሁ። “ሁለት አልነበሩም። አቅራቢው ነው የራሱ ያልሆነውን ጎትቶ ያስገባ።”

መሪጌታ የቅኔ ሰው አይደሉም? እኔን አዩ፣ ጋሼን አዩ፣ ጋሼን ደግመው አዩ። ወርቁ ወጣላቸው።

“እህ… በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች አሉ” አሉት።

ጋሼ ካሣሁን እንደተወጋ ሰው ዘለለ። “በቅሎዋን ማን ነገረዎት?!”

“የቷን በቅሎ?”

እንግዲህ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጋሼ ቆብ የለውም እንጂ ቢኖረው ያወልቅ ነበር። “የኔታ… ከዚያ ዘር ላይ አንድ ፊታውራሪ ይቀነስልኝ” አለ። “የአድማሱ አባት ጎሹ ነው። የሰባታሚቱ ጎሹ። ፊታውራሪን በሩቁ ነው የምናውቃቸው።”

“በሩቁ እንዴት?”

“ጎሹ… በቅሏቸውን ሰርቆባቸው።”

“ዳማዋን?”

“ዳማዋን።”

መሪጌታ ቀስ ብለው ተነሡ። አማተቡ። እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። “እግዚአብሔር ይመስገን!” ሲሉ ሰማሁ። “ሌቦች ናችሁ! ዘመድ አይደላችሁም! ማስተዋል፣ ነይ ውጪ፣ ሌቦች ናቸው!” ከወዲያኛው ክፍል እልልታ ቀለጠ። በሌብነቱ እልል የተባለለት ቤተሰብ እኛ የመጀመሪያዎቹ ሳንሆን አንቀርም።

“ዝምድና ቢሆን መላ የለው ነበር” አሉ መሪጌታ ተረጋግተው ሲቀመጡ። “ሌብነት ግን በንስሐና በካሣ ያልቃል። ስምህስ ካሣሁን አይደል? እንግዲህ ካሣ ሁን! ዳማ በቅሎ ከጥሎሹ ጋር ትምጣና ልጄን እመርቃለሁ።”

ማስተዋል እስከ አስፋልቱ ሸኘችን። ጋሼ ሚኒባስ ፍለጋ ብሎ ቀድሞን ተፈተለከ። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ባጃጅ በሞላበት መንገድ፣ በቅሎ ከየት እንደማመጣ እያሰብሁ ነበር የምራመደው።

“አባባ እኮ የምሩን ነው” አለችኝ።

“የምሩን መሆኑን አይቻለሁ።”

“አንተ… እውነት ግን እናንተ ናችሁ? ዳማዋን?”

“እኛ ነን።”

ትሥቃለች ብዬ ፊቷን አየሁት። አልሣቀችም። ቆም ብላ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

“የአባባ ቅድመ አያት ያን ሁሉ ዳገት በእግሩ ነው የተመላለሰ፤ ታውቃለህ?” አለችና ጣቷን ቀሰረችብኝ። “በል፣ ስትገዛ እንዳትሳሳት። በቅሏችን ግንባሯ ቦቃ ነበር።”

“በቅሏችን” ነው ያለች። ልብ በሉልኝ… በዚያች “ችን” ውስጥ እኔ የለሁበትም!